ነፋሱ ይመለሳል፣ ጎማው ግን አይመለስም

ነፋስ አንሶት የተነዳ ጎማ ተሞልቶ ቢቀጥል ምን ይጎድለዋል? ጥያቄው የጎሚስታ ብቻ ሳይሆን የኪስም፣ ሲከፋም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከመኪና ወጪዎች ሁሉ እንደ ነፋስ የረከሰ የለም፤ እንደ ጎማ የሚያስደነግጥም ጥቂት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቀደም ሲል በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አብዛኛው ጎማ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ነው። በመሆኑም ባለመኪናው፣ ባለታክሲውና የጭነት መኪና ባለንብረቱ ጎማ ከመቀየራቸው በፊት ደጋግመው ማሰብ ግድ ሆኖባቸዋል። አሮጌው ጎማ ጥቂት ወራት እንዲጨምር ይፈለጋል፤ የተበሳው ይለጠፋል፤ የተነፈሰው ይሞላል፤ ሥራው ይቀጥላል።

ችግሩ ያለው «የተነፈሰው ይሞላል» በሚለው ላይ ነው። ነፋስ አንሶት የተነዳ ጎማ እንደገና ሲሞላ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ይመለሳል ወይስ ጉዳቱ አብሮት ይቀራል? በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት የተለመደ ነው። አንደኛው ወገን ጎማ ካልተበሳና ካልተቀደደ ምንም አይሆንም፣ ነፋስ ሞልቶ መንዳት ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ ተነፍሶ የሄደ ጎማ ሁሉ የተበላሸ ነው ባይ ነው። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደሉም። መልሱ የሚወሰነው ምን ያህል ነፋስ እንደ ጎደለ፣ ምን ያህል መንገድ እንደ ተሄደበት፣ በምን ፍጥነትና በምን ያህል ጭነት እንደ ተነዳ ታይቶ ነው። ይሁን እንጂ ከተወሰነ መጠን በታች ወርዶ የተነዳ ጎማ በውስጡ የሚደርስበት ጉዳት ነፋስ በመሙላት የማይድን መሆኑ አያከራክርም። ነፋሱ ሲመለስ ጎማው ውጪው አምሮበት ይቆማል፤ የላላው ግን ውስጡ ነው።

ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው?

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ጎማው ይመስለዋል። ጎማው ግን በአብዛኛው መያዣ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በነፋስ የሚሞላ ጎማ አስመዝግቦ ለገበያ ካበቃ ወዲህ ዕቃው እጅግ ቢሻሻልም፣ መሠረቱ ያው ነው። አየሩ ሲጎድል አየሩ ይሸከም የነበረው ሸክም በጎማው ጎን ላይ ይወድቃል። የጎማ ጎን ደግሞ ለመተጣጠፍ እንጂ ሸክም ለመቻል አልተሠራም።

አንድ ጎማ ተቆርጦ ቢታይ፣ ከላይ መሬት የሚነካው ጥርስ፣ ከሥሩ የብረት ሽቦ ቀበቶዎች፣ ከእነርሱ ሥር ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ ክር፣ ከውስጥ ደግሞ አየር እንዳያመልጥ የሚከለክል ቀጭን ሽፋን ይገኝበታል። ክሩ በትንንሽ መኪኖች ጎማ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ሲሆን፣ በዘመኑ የከባድ መኪና ጎማዎች ላይ ግን የብረት ሽቦ ነው። እነዚህን ሁሉ አጣብቆ የያዛቸው የበሰለው ጎማ ራሱ ነው።

«የበሰለው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 እንደ ደረሰበት፣ ጥሬ ጎማ ጥንካሬ የሚያገኘው ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ በሙቀት ሲበስል ነው። ልኩን ያላለፈ ሙቀት ያጠነክረዋል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ግን ያበላሸዋል። ምጣድ ላይ ተረስቶ የደረቀ እንጀራ በውሃ ቢረጭ ተመልሶ እንደማይለሰልስ ሁሉ፣ ከልክ በላይ የጋለ ጎማም ሲቀዘቅዝ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከመተጣጠፍ ነው። የሚኒባስ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። በእያንዳንዱ ዙር መሬት የነካው ክፍል ጎኑ ይጎብጣል፣ ሲነሳ ይቃናል። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ታክሲ እያንዳንዱ ጎማው በቀን 75 ሺህ ጊዜ ይጎብጣል፣ ይቃናል ማለት ነው። ነፋሱ ልክ ሲሆን ጉብጠቱ ትንሽ ስለሆነ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ አየር ይበተናል። ነፋሱ ሲያንስ ግን ጉብጠቱ ይበዛል፤ ሙቀቱ ከሚበተነው በላይ ይጠራቀማል። ሽቦ በእጁ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የቆረጠ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ መታጠፊያው መጀመሪያ ይግላል፣ ቀጥሎ ይበጠሳል።

በጎማ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ክሩ ይደክማል፤ የብረት ቀበቶውና ጎማው የተጣበቁበት ቦታ መላቀቅ ይጀምራል፤ የውስጡ ሽፋን ይሸበሸባል። ይህ ሁሉ ከውጪ ላይታይ ይችላል። ለዚህም ነው ጎማ ብዙ ጊዜ ነፋስ ባነሰው ዕለት ሳይሆን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ተሞልቶ በደህና ሲሄድ በቆየበት ወቅት ድንገት የሚፈነዳው። ባለመኪናውም ጥፋቱን በመንገዱ ወይም በፋብሪካው ላይ ያላክካል።

ስንት ሲጎድል?

ለትንሽ መኪና አምራቹ 35 ፒኤስአይ አዟል እንበል። ፒኤስአይ ጎሚስታው በመለኪያው ላይ የሚያነበው የግፊት ቁጥር ነው። ጎማው 32 ወይም 33 ላይ ሆኖ ለጥቂት ቀናት ቢነዳ የጎማው ሁለት ዳር ትንሽ ቶሎ ያልቃል፣ ነዳጅም በጥቂቱ ይጨምራል። ነፋሱ ሲስተካከል ጉዳዩ በዚያው ያበቃል። የሚያስፈራ ዘላቂ ጉዳት የለውም።

ወደ 28 ሲወርድ ግን ከታዘዘው 20 በመቶ ጎድሏል። ይህ ቁጥር በጎማ ሥራ ውስጥ እንደ ድንበር የሚታይ ነው። በተለይ በከባድ መኪኖች ዘንድ ከታዘዘው ነፋስ 80 በመቶና ከዚያ በታች ላይ ሆኖ የተነዳ ጎማ እንደ ተነፈሰ ጎማ ተቆጥሮ፣ ከመሞላቱ በፊት ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ መታየት አለበት። ለምሳሌ 110 ፒኤስአይ የታዘዘለት የከባድ መኪና ጎማ 88 ላይ ሲደርስ ድንበሩን ነክቷል። ከዓይን አንጻር ሲታይ ግን 88 የያዘ ጎማ ከ110ሩ እምብዛም አይለይም። ሾፌሮች ጎማን በእግር በመምታት ወይም በብረት በማንኳኳት የሚያደርጉት ፍተሻ ጭራሽ የተነፈሰውን ይለይ ይሆናል እንጂ ሃያ በመቶ የጎደለውን አይለይም።

ጭራሽ ተነፍሶ በቸርኬ የተነዳ ጎማን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጎኑ በመሬትና በቸርኬው መካከል ስለሚፈጭ ጥቂት መቶ ሜትሮች እንኳ ሊያበላሹት ይችላሉ። «ጎሚስታው ቅርብ ነው፣ ቀስ ብለን እንድረስ» የሚባለው መንገድ ጥቂት ብር የሚጨርሰውን ቀዳዳ ወደ ሙሉ ጎማ ግዢ ይለውጠዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ነፋስ ለመጉደል ደግሞ ሚስማር መውጋት የለበትም። ጤነኛ ጎማ እንኳ በወር 1 ፒኤስአይ ያህል ያጣል። ስለዚህ ስድስት ወር ያልተለካ 35 የነበረ ጎማ፣ ማንም ሳይነካው ወደ 29 ሊጠጋ ይችላል። ይህም ከድንበሩ አጠገብ ነው።

ደጋና ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ባሕር ጠለል ላይ ያበቃል። በዚህ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮች ወደ ቆላ ሲወርዱ ስለ ጎማ ነፋስ የሚያነሱት ክርክር የቆየ ነው። ከፊሉ «ሙቀቱ ጎማውን ያፈነዳዋል» በማለት መንገድ ላይ ነፋስ ያስተነፍሳል።

ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወረድ የውጪው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ አዲስ አበባ ላይ የተለካ ጎማ ባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ ባይለወጥ ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ቀንሶ ይነበባል። በሌላ በኩል የቆላው ሙቀት የጎማውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ በትንሽ መኪና ጎማ ላይ በየ10 ዲግሪ ሴንቲግሬዱ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ገደማ፣ በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምራል። ሁለቱ በከፊል ይጣፋሉ። ከዚህም ሌላ ጎማ ሲነዳ ግፊቱ የሚጨምር መሆኑን አምራቹ አስቀድሞ አስቦበታል። ስለዚህ የጋለ ጎማን ነፋስ ማስተንፈስ ሙቀቱን አይቀንሰውም። እንዲያውም ጉብጠቱን ስለሚያበዛ ያባብሰዋል፤ ሲቀዘቅዝም ጎማው ከታዘዘው በታች ሆኖ ያድራል። ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ነው።

ሁለት ኩባንያዎችን ያለያየ ነፋስ

ጉዳዩ የጥቂት ፒኤስአይ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያቃልል ካለ፣ የፎርድንና የፋየርስቶንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ኤክስፕሎረር ለተባለው መኪናው ያዘዘው የነፋስ መጠን 26 ፒኤስአይ ነበር። ጎማውን የሚያቀርብለት ፋየርስቶን ደግሞ 30 መሆን ነበረበት ይል ነበር። በእነዚህ መኪኖች ላይ የጎማው ጥርስ ከነቀበቶው እየተላቀቀ፣ መኪናው እየተገለበጠ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጎዱ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ፎርድ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጎማዎቹን መቀየር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። በአሜሪካ ፋየርስቶን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2000 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ፎርድ ሌሎች 13 ሚሊዮን ጎማዎችን ለመተካት ወሰነ፤ ወጪውንም ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ገመተው። አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የሁለቱ ኩባንያዎች የንግድ ትስስርም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ተቋረጠ።

ጥፋተኛው ማን ነበር? ፋየርስቶን የነፋሱን ማነስና የመኪናውን አሠራር ወቀሰ። ፎርድ በበኩሉ በዚያው 26 ፒኤስአይ የሚነዱ የጉድይር ጎማዎች ይህን ያህል ችግር አላመጡም ሲል ተከራከረ። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ባወጣው ውሳኔ ጉድለቱ በጎማዎቹ ላይ መሆኑን ገለጸ። ስለዚህ ነፋስ ማነስ ብቻውን ሰው ገደለ ማለት አይቻልም። ሊካድ የማይችለው ግን ይህ ነው፦ ደካማ ጎማ፣ ያነሰ ነፋስ፣ ከባድ ጭነት፣ ሞቃት መንገድና ፍጥነት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያበዛዋል። አደጋዎቹም በብዛት የታዩት እንደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር።

የአሜሪካ ምክር ቤት ከዚህ በኋላ ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2000 የተፈረመ ሲሆን፣ የነፋስ ማነስን ለሾፌሩ በመብራት የሚያስታውቅ መሣሪያ በአዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ እንዲገጠም አደረገ። ግዴታው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2007 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014 ጀምሮ ለአዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። ልብ ሊባል የሚገባው የአሜሪካው ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚያስገድደው 25 በመቶ ሲጎድል መሆኑ ነው። መብራቱን የሚጠብቅ ሾፌር ከሃያ በመቶው ድንበር ካለፈ በኋላ ሊነቃ ይችላል ማለት ነው። በእኛ ጎዳናዎች ላይ የሚመላለሱት አሮጌ ሚኒባሶች ደግሞ ይህ መብራት ጭራሽ የላቸውም።

አደጋው በጎሚስታው በር ላይ

ነፋስ አንሶት የተነዳ ጎማ የሚጎዳው ሾፌሩንና ተሳፋሪውን ብቻ አይደለም። የጎኑ የብረት ክር የደከመ የከባድ መኪና ጎማ እንደገና ሲሞላ፣ የደከሙት ሽቦዎች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ጎኑ እንደ ዚፕ ሊከፈት ይችላል። በአንድ ቅጽበት የሚለቀቀው የታመቀ አየር አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ለመግደል በቂ ኃይል አለው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ከጎማው ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ የነፋስ ቱቦውን በእጁ የያዘ ወጣት ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለከባድ መኪና ጎማዎች ባወጣው ደንብ፣ ከታዘዘው ነፋስ 80 በመቶና ከዚያ በታች ሆኖ የተነዳ ጎማ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ እንዲለቀቅ ያዛል። ከወለቀ በኋላ ሲሞላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ፣ ሠራተኛው ከፈንጂው አቅጣጫ ገለል ብሎ፣ በረጅም ቱቦ እንዲሞላ ያስገድዳል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ሜትር ቱቦ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ አፍና ከብረት የተበየደ ፍርግርግ ነው። እነዚህን በጋራዥ ሠፈር ያለ ብየዳ ቤት ሊሠራቸው ይችላል። በመንገድ ዳር በሚሠሩ ጎሚስታዎች ዘንድ ግን የሚታየው ጎማውን መሬት ላይ አጋድሞ፣ አንዳንዴም ላዩ ላይ ቆሞ መሙላት ነው።

እዚህ ላይ መነሳት ያለበት የኃላፊነት ጥያቄ ነው። ጎማው ምን ያህል መንገድ ተነፍሶ እንደ ተነዳ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ጎሚስታው አያውቅም። ሾፌሩ «አሁን ነው የተነፈሰው» ብሎ ሲያስሞላ፣ የደበቀውን ኪሎ ሜትር የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ማን ይከፍላል?

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለስሌት እንዲመች ያህል፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ፣ በወር 26 ቀን የሚወጣ ሚኒባስ እንውሰድ። በዓመት 46,800 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የአራቱ ጎማ ዋጋ 40 ሺህ ብር፣ ዕድሜያቸውም በደህና አያያዝ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። የጎማ ወጪው በኪሎ ሜትር 1 ብር፣ በዓመት 46,800 ብር ይሆናል። ነፋስ እያነሰ በመነዳቱ የጎማው ዕድሜ በሩብ ቢቀንስ፣ ማለትም 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ቢያልቅ፣ የዓመቱ ወጪ ወደ 62,400 ብር ያድጋል። ልዩነቱ 15,600 ብር ነው።

ነዳጅ ሌላው ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚያስረዳው የአራቱ ጎማዎች አማካይ ነፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲቀንስ መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ በ0.2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የ8 ፒኤስአይ ጉድለት 1.6 በመቶ ገደማ ማለት ነው። በቀን 2,000 ብር ነዳጅ ለሚቀዳ ታክሲ ይህ 32 ብር ነው። ሠላሳ ሁለት ብር በቀን ውስጥ አይታወቅም፤ በመንገድ መጨናነቅና በወረፋ ውስጥ ይሟሟል። በዓመት ግን ወደ 10 ሺህ ብር ይጠጋል። በምሳሌያችን ይህ የአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ነው።

እንግዲህ ኪሳራው ይህን ያህል ከሆነ ጎማ ለምን አይለካም? ምክንያቱ በአብዛኛው የስንፍና ሳይሆን የአከፋፈሉ ነው። በታክሲ ሥራ በተለመደው አሠራር ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተወሰነ የቀን ገቢ ያስረክባል፣ ነዳጁንም ራሱ ይችላል፤ ጎማና ጥገና ግን የባለንብረቱ ነው። ጎማ ሲያልቅ የሚያመው ባለንብረቱ በየጠዋቱ መኪናው አጠገብ የለም። በየጠዋቱ መኪናው አጠገብ ያለው ሾፌር ደግሞ ጎማው ቢያልቅ ከኪሱ አይወጣም። ለመለካት የሚጠፋው ጊዜ ግን የእርሱ ነው፤ የጠዋት ሥራ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥበት ሰዓት ነው። ትርፉ የአንዱ፣ ድካሙ የሌላው በሆነበት ቦታ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ይህ የምጣኔ ሀብት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ቁም ነገር ነው።

መፍትሔውም ከዚያው ይመነጫል። ከታሰበለት ዕድሜ በላይ የቆየ ጎማ ላስገኘው ቁጠባ ለሾፌሩ ድርሻ መስጠት፣ ወይም ነፋስ የሚለካበትን የሳምንት ቀን ወስኖ ወጪውን በባለንብረቱ ማድረግ፣ ከቁጣና ከምክር የተሻለ ውጤት ይኖረዋል።

የማይታይ ጉድለት ገበያ

በመርካቶ ጎማ ተራና በየሠፈሩ ያገለገለ ጎማ ይሸጣል። የጎማ ዋጋ በናረ ቁጥር ይህ ገበያ ይደራል። ገዢው ሊያየው የሚችለው ጥርሱን ነው፤ ጥርሱ ደህና ከሆነ ጎማው ደህና ይመስለዋል። ጎማው ቀድሞ ተነፍሶ ተነድቶ እንደሆነ የሚያውቀው የመጀመሪያው ባለቤት ነው፤ እርሱ ደግሞ በቦታው የለም። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ጎማው ታጥቦ፣ በጥቁር ቅባት ተወልውሎ ይደረደራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ በማድረግ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሊቃውንት አንዱም ሆኗል። ገዢ ደህናውን ከብልሹው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው። በአማካይ ዋጋ ደህና ዕቃ ያለው ሰው መሸጥ ስለማያዋጣው ይቀራል፤ ብልሹ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ቀስ በቀስ ገበያው በብልሹ ዕቃ ይሞላል። ያገለገለ ጎማ ለዚህ ሐሳብ ከመኪና የበለጠ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም መኪና በሙከራ ይነዳል፣ ጎማ ግን ከተገዛ በኋላ ነው የሚሞከረው።

ሆኖም ገዢው ጨርሶ አቅመ ቢስ አይደለም። ጎማው በቸርኬ ላይ ካልሆነ ውስጡ ይታያል፣ ሊዳሰስም ይችላል። በውስጡ ጎን ዙሪያውን የከበበ የጠቆረ ወይም የተፋቀ ቀለበት፣ የተሸበሸበ ሽፋን፣ እንደ ዱቄት የረገፈ የጎማ ብናኝ ከተገኘ ያ ጎማ ነፋስ ሳይኖረው ተነድቷል። ጎኑ ሲጫኑት አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ ከላላ ወይም ካበጠ መተው ነው። ሁለቱ ዳር አልቆ መካከሉ ደህና የሆነ ጎማም በነፋስ ማነስ የኖረ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብ ነው፤ «2319» የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

በከባድ መኪኖች በኩል ደግሞ ሌላ ኪሳራ አለ። የከባድ መኪና ጎማ ጥርሱ ሲያልቅ አካሉ ደህና ከሆነ አዲስ ጥርስ ለብሶ ይታደሳል። ክሩ የደከመ ጎማ ግን ለዕድሳት አይሆንም። ስለዚህ በነፋስ ማነስ የተጎዳ ጎማ ባለንብረቱን የሚያሳጣው የመጀመሪያውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውንም ነው። የሚቀርለት ጥቅም በረባሶ መሆን ነው።

ምን ይደረግ?

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች በከተማችን እየበዙ መምጣታቸው ጉዳዩን ያጠነክረዋል እንጂ አያቀልለውም። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ በጎማቸው ላይ የሚያርፈው ሸክም ይበልጣል፤ የነፋስ ማነስም አንድ ጊዜ ተሞልተው የሚሄዱትን ርቀት ያሳጥራል። ለነዳጅ መክፈል ያቆመ ሰው ለነፋስ መጨነቅ አላቆመም።

የሚደረገው ጥቂት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ያለው በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር የጎማው ጣሪያ እንጂ የመኪናው ትእዛዝ አይደለም። የቤት መኪና በወር አንድ ጊዜ፣ ታክሲና የጭነት መኪና በየሳምንቱ ጠዋት ሳይሞቅ ይለካ። ስኮርታውም አይረሳ። ሳይታወቅ ከሃያ በመቶ በላይ ጎድሎ የተነዳ ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ ይታይ። ጎማ መንገድ ላይ ከተነፈሰ ክሪክ አውጥቶ እዚያው መቀየር ነው፤ ለጎሚስታው ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተነዳ እውነቱን መንገርም የሾፌሩ ግዴታ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የጎማ ቅጠሉ ነፋስ ነው። አንድ የነፋስ መለኪያ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም። የመኪና ባለንብረቶች ለሾፌሮቻቸው ከሚሰጧቸው ቁልፎች ጋር ይህንንም ቢጨምሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳባቸውን ሲዘጉ ልዩነቱን ያዩታል።